የቶዮታ ሮዝ ኩላንት፦ ጥሩ ዕቃ ነው፣ አሞላሉ ግን ሒሳብ ይፈልጋል

ቶዮታ «ሱፐር ሎንግ ላይፍ» ብሎ የሚሸጠው ሮዝ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ለቪትዝም ለኮሮላም የሚታመን ነው። ለፀረ ዝገት ፎስፌት አለው፣ ሲሊኬት የለውም፤ ከአሉሚኒየም ራዲያተር ጋር ይስማማል። ግን ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ግማሽ ግላይኮል (ውሃው ቶሎ እንዳይፈላና እንዳይረጋ የሚያደርገው ፈሳሽ)፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ሆኖ ተበጥብጦ የመጣ ስለሆነ ተጨማሪ ውሃ አይችልም። ራዲያተሩን በውሃ አጥቦ በዚያው ላይ የሚሞላ ሰው ውድ ኩላንት ገዝቶ ያቀጥነዋል።

1.8 ሊትር ሞተር ያለውን የ2003–2008 (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ እንውሰድ። በጠቅላላ 6.5 ሊትር ይይዛል። የራዲያተሩ ማፍሰሻ ሲከፈት የሚወጣው ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሞተሩና ሂተሩ ውስጥ ይቀራል። 3 ሊትር ውሃ ቀርቶ 3.5 ሊትር ሮዙ ቢጨመርበት ግላይኮሉ ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። ፀረ ዝገቱም አብሮ ይሳሳል።

ስለዚህ የሚፈሰው ንጹሕ ሮዝ ከሆነ ጨርሶ ውሃ አታስገቡ፦ አፍስሱ፣ የፈሰሰውን ለኩ፣ ያንኑ ያህል ሮዙን መልሱ። ቡናማ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ አረንጓዴ ከወጣ ግን መታጠብ አለበት፤ ያኔ መጨረሻ ላይ የሚገባው የተበጠበጠው ሳይሆን ያልተበጠበጠው፣ ኮንሰንትሬቱ ነው። ለዚህ ኮሮላ 3.25 ሊትር ኮንሰንትሬት ይጨመርና የጎደለው በተጣራ ውሃ ይሞላል። ውስጥ የቀረው ውሃ ራሱ ሌላውን ግማሽ ይሆናል። ስትገዙ ፎስፌት ያለው፣ ሲሊኬት የሌለው፣ ለጃፓን መኪና የሚል ይሁን።

አጠባው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሂተሩ ሙቅ ላይ ይደረጋል። ማፍሰሻዋ ፕላስቲክ ስለሆነች በእጅ እንጂ በፒንሳ አትነካም፤ ያረጀች ከሆነች ትሰበርና ሥራው ይቆማል። ሪዘርቩ (የትርፍ ኩላንት ዕቃው) ወልቆ ይታጠብ፣ ጭቃው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከዚያ በተጣራ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ የታችኛው የራዲያተር ጎማ (ቱቦው) እስኪሞቅ ማስነሳት፦ ያ ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ለኩላንቱ መንገድ የሚከፍተው፣ መከፈቱን ይነግራል። አቀዝቅዞ ማፍሰስ። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ይደገማል፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ኦሞ የሚጨምሩ አሉ፤ ዘይት ካልገባበት በቀር አረፋው ተረፈ ዕዳ ነው።

ውሃውን በተመለከተ፣ የቧንቧም የጉድጓድም አይሆንም። በውስጡ ያለው ካልሲየም ከፎስፌቱ ጋር ተጣብቆ ቀጫጭኖቹን የራዲያተር ቱቦዎች ይዘጋል። ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሠራል፤ ግን ጽሑፉን አንብቡ፣ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ላስቲክ ይሸጣል።

ሲሞላ በቀስታ ነው፣ የላይኛውንና የታችኛውን ጎማ በእጅ እየጨመቁ። አረፋው ሲያቆም ማስነሳት፣ እየጎደለ ሲሄድ መጨመር፣ ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ ነዳጅ ሰጥቶ 2,000 ዙር አካባቢ ጥቂት ደቂቃ መያዝ። ነዳጅ ሲሰጥ ሂተሩ ሙቅ ነፍቶ ሲለቀቅ የሚቀዘቅዝ ከሆነ አየር ቀርቷል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ደረጃው ይታይና ይሞላ። ሙሉ ቀን እየተነዳም አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ጉዳዩ አየር አይደለም፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው፤ እሱን የሚያድን ኩላንት የለም።

አዲስ አበባ ላይ ከኩላንቱ በላይ የምንንቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግማሽ ግላይኮል መፍያውን ከፍ የሚያደርገው በ7 ዲግሪ ያህል ነው፤ 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር ያለበት ደህና ክዳን ግን ግፊት ስለሚይዝ ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚከፈተው፤ ክዳኑ ካልያዘ ባዶ ውሃ ለመፍላት አሥር ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ ኮፋኖ ከፍተው ከሚቆሙት መኪኖች ስንቶቹ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ይዘው ይሆን? ኩላንት ስትገዙ ክዳኑንም ቀይሩ፣ ያውም ተመሳሳይ ቁጥር ያለው። ቴርሞስታቱን አውልቆ የሚጥል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ በቀለም አትመኑ፤ ሮዝ ቀለም ያለው ውሃ መሥራት ቀላል ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ፦ ጥቂቱን በጠርሙስ ክዳን ቀድቶ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚሆን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር። እውነተኛው ግማሽ በግማሽ እስከ 35 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለማይረጋ ፈሳሽ ሆኖ ያድራል። በረዶ ከሆነ ይመለስ። ምግብ ካለበት ርቆ ይቀመጥ፣ ክዳኑም ይጣል፤ ግላይኮል ጣፋጭና መርዝ ነው። የፈሰሰውን አሮጌም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፣ ቦይ ውስጥም አትድፉ። መርዝነቱ ለልጅም ለውሻም ያው ነው።

ቶዮታ አዲስ መኪና ላይ መጀመሪያ የተሞላው 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ የሚሞላው 80,000 ኪሎ ሜትር ወይም 5 ዓመት ይሄዳል ይላል። ያገለገለ ሆኖ ለገባ መኪና የመጀመሪያውን ቁጥር እርሱት፤ አንዴ የቧንቧ ውሃ የተጨመረበት ደግሞ ሁለተኛውም አይሠራለትም።

ሮዙን ከሌላው የምመርጥበት አንድ ትንሽ ምክንያት አለኝ፦ ሲያፈስ ደርቆ ሮዝ ቅርፊት ይተዋል። በባትሪ መብራት የውሃ ፓምፑን ሥር፣ የጎማዎቹን ማሰሪያ፣ የራዲያተሩን ጠርዝ እዩ። ቅርፊቱ ፓምፑ ላይ ከሆነ አዲሱን ኩላንት አትሙሉ፤ ፓምፑ ሲቀየር መልሶ መፍሰሱ አይቀርምና።