64 ወይስ 256? ትልልቅ ሃርድ ዲስኮችና የካሽ ነገር

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ሁለት ባለ 6 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝና፣ «ጋሼ፣ ይኼኛው ካሹ 64 ነው፤ ያኛው 256። አራት እጥፍ ይፈጥናል» አለኝ። ሁለቱም ዌስተርን ዲጂታል ብሉ ናቸው። አንዱ የሞዴል ቁጥሩ በ«ኢዜድአርዜድ»፣ ሌላው በ«ኢዜድኤዜድ» ያበቃል። እኔ 64ቱን አነሳሁ። የማላውቅ መስሎት አዘነልኝ።

ካሽ ዲስኩ ውስጥ ያለች ትንሽ ማኅደረ ትውስታ ናት። ከኮምፒውተሩ የመጣውን መረጃ ተቀብላ ለሚሽከረከሩት ሳህኖች ታስረክባለች። በሴኮንድ 180 ሜጋባይት በሚጽፍ ዲስክ ላይ 256 ሜጋባይት የአንድ ሴኮንድ ተኩል ሥራ እንኳ አይሆንም። 200 ጊጋባይት የሰርግ ቪዲዮ ሲገለበጥ ከ18 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ የካሹ ውለታ ያችው ሴኮንድ ተኩል ናት። ጥቃቅን ፋይሎች ተበታትነው ሲጻፉ ተራ በማስያዝ ታግዛለች፤ ነገር ግን ዊንዶውስም ትርፍ ራም (የኮምፒውተሩ የራሱ ማኅደረ ትውስታ) ካገኘ ለዚሁ ሥራ ያውለዋል። 8 ጊጋባይት ራም መጨመር ከየትኛውም የዲስክ ካሽ ይበልጣል።

ታዲያ 64ቱ ለምን 256 ሆነ? መልሱ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። ባለ 64ቱ ሲኤምአር በሚባለው መንገድ፣ የመረጃ መስመሮቹን ጎን ለጎን ይጽፋል። ባለ 256ቱ ኤስኤምአር ነው፤ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ይጫናል። ከሥር ያለውን ቆርቆሮ ለመቀየር የላዩን መንቀል ግድ እንደሚል ሁሉ፣ ይህም ዲስክ አንዱን መስመር ለማረም ተከታዮቹን እንደገና ይጽፋል። ትልቁ ካሽ ይህን ጣጣ ለማቅለል ይረዳል እንጂ አያስቀረውም። አምራቾቹ የትኛው ዲስክ ኤስኤምአር እንደሆነ ዝርዝር ያወጡት በ2020 ነው፤ እሱም ገዢዎች ከጮኹ በኋላ።

እኔ ትምህርቱን የከፈልኩበት በሌላ ዲስክ ነው። ካርቶኑ ላይ 256 ተጽፎበታል። ሊሞላ የተቃረበውን ዲስክ ግማሹን አጥፍቼ አዲስ ቪዲዮ ስገለብጥበት፣ የመገልበጡን ፍጥነት የሚያሳየው አረንጓዴ ግራፍ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ሄደና ድንገት ከገደል እንደወደቀ ወረደ፤ በሴኮንድ 170 ሜጋባይት የነበረው 20 ሆነ። ደንበኛዬ ሦስተኛ ቡናውን ሲያዝ እኔ መስመሩን እያየሁ ነበር።

8 ቴራባይት ለሚፈልግ ሰው ፍርዱ ግልጽ ነው። ሲጌት ባራኩዳ ካሹ 256፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 5400 ዙር፣ አጻጻፉ ኤስኤምአር ነው። ቶሺባ ኤክስ300 በደቂቃ 7200 ዙር ይሽከረከራል፣ ሲኤምአር ነው፤ ካሹ በቀድሞው እትም 128፣ በኋለኛው 256 ነው። ባለ 128ቱን ቶሺባ እንኳ ለቪዲዮ ሥራ ከባራኩዳው አስበልጣለሁ። የተፈለገው መረጃ ከዲስኩ አንባቢ ጭንቅላት ሥር እስኪደርስ በ7200 ዙር በአማካይ 4.2 ሚሊሴኮንድ፣ በ5400 ደግሞ 5.6 ይጠበቃል፤ ይህ ልዩነት በየንባቡ ይደጋገማል። ኤክስ300 ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይሞቃልም። ፎቶና ፊልም አንዴ አስቀምጦ ለሚያነብ ግን ባራኩዳው ይበቃል። ዋጋቸውን አልጽፍም፤ ከምንዛሬው ጋር ጠዋትና ማታ ይለያያል።

ካሽ ውስጥ ያለ፣ ሳህኑ ላይ ያልደረሰ መረጃ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከ64 ወደ 256 ለመሻገር የሚከፈለው ትርፍ ብር መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ ለሚያቆየው ዩፒኤስ ቢውል ይሻላል።

ሱቅ ሲገቡ ካርቶኑን ትተው ዲስኩ ላይ የተለጠፈውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር በስልክ ፎቶ ያንሱና ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊትም ዲስኩን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አሰክተው ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓት ይመልከቱ። «አዲስ ነው» የተባለ ዲስክ ሺህ ሰዓት ካሳየ ዕቃውን መልሰው ይውጡ።