ለቆሰለ ጊኒ ፒግ፦ ትኩስ ቅጠል ማቅረብ ወይስ በሲሪንጅ መመገብ?

የቆሰለ ጊኒ ፒግ (በቤት የሚያድግ፣ ከአይጥ ወገን የሆነ ትንሽ እንስሳ) ምግብ የሚተወው ብዙውን ጊዜ ከሕመም የተነሣ ስለሆነ፣ ከሁለቱም በፊት የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው ማስታገሻ ይቀድማል።

ድርቆሽ፣ ፐርሰሊና ቀይ ጣፋጭ ቃሪያ አጠገቡ ማስቀመጥ ወጪው ትንሽ ነው፤ እንስሳውንም አያስጨንቀውም፤ ቃሪያው ደግሞ ሰውነቱ ሊሠራው የማይችለውን ቫይታሚን ሲ ይሰጠዋል። ችግሩ ጊዜ ነው፦ አንጀቱ ያለማቋረጥ ምግብ ካላገኘ እንቅስቃሴው ስለሚገታ፣ ምንም ሳይቀምስ 12 ሰዓት ካለፈው «ነገ ይበላ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው።

መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በውኃ የራሰ የፔሌት (ተጨምቆ የተድቦለቦለ ደረቅ መኖ) ገንፎ መስጠት አድካሚ ነው፤ ሌሊትም ያስነሣል። ከጎን በኩል፣ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ፣ በትንሽ በትንሹ ካልተሰጠ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ሆኖም የበላው መጠን በትክክል ይታወቃል።

በራሱ እየቆረጠመ ክብደቱን ለጠበቀ ቅጠሉ ይበቃል፤ ክብደቱም በጠጡም እያነሰ ለሚሄድ ሲሪንጁ ይመረጣል፤ መንጋጋው ለተጎዳ ግን ሐኪም ሳያየው ባይሞከር እመርጣለሁ።