ዕጢውን ማሳነስ ወይስ ሥሩን መምታት?

የተለመደው ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ የጡት ካንሰር ሴሎችን ይገድላል፤ ዕጢው ማነሱ በምርመራ ይታያል፣ የብዙዎችን ሕይወትም አትርፏል። ሁለተኛው አካሄድ የሚያነጣጥረው በካንሰር ግንድ ሴሎች፣ ማለትም አዲስ ዕጢ ማብቀል በሚችሉት ጥቂት ሴሎች ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከታካሚዎች ዕጢ፣ ሲዲ44 የተባለ ፕሮቲን ያለባቸውንና ሲዲ24 የተባለው ሌላ ፕሮቲን ያነሰባቸውን ሴሎች ለዩ። 100 ያህሉ ብቻ ሲወጉ በአይጥ ላይ አዲስ ዕጢ አበቀሉ፤ ሌሎቹ የዕጢው ሴሎች በአሥር ሺዎች ቢወጉም አልቻሉም። እንዲህ ያሉ ሴሎች መድኃኒትን ገፍተው ማስወጣት፣ የተጎዳ ዲኤንኤያቸውንም መጠገን ይችላሉ። ኬሞቴራፒ ካበቃ በኋላ በቀረው ዕጢ ውስጥ ድርሻቸው ከፍ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ አረሙ ታጭዶ ሥሩ ቀረ ማለት ነው። በሽታው ከዓመታት በኋላ ሲያገረሽ ከሚጠረጠሩት ውስጥ ቀዳሚዎቹ እነርሱ ናቸው።

ታዲያ ሁለተኛው ይሻላል? በሐሳብ ደረጃ ይማርካል፤ በታካሚ ላይ ግን ገና አልተሳካለትም። በግንድ ሴሎቹ ላይ የሚያነጣጥረው መድኃኒት ሬፓሪክሲን ፓክሊታክሴል ከተባለው ኬሞቴራፒ ጋር ተጣምሮ በተሰራጨ ትሪፕል ኔጋቲቭ (ሕክምና የሚያነጣጥርባቸው ሦስት የተለመዱ ተቀባዮች በሌሉት) የጡት ካንሰር ላይ ሲሞከር፣ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ አላራዘመም። ይባስ ብሎ ተራው የካንሰር ሴል ወደ ግንድ ሴልነት ሊመለስ ስለሚችል፣ ሥሩን ብቻ መምታትም አያዋጣም። እኔ የማዳላው ሁለቱን ለሚያጣምረው ምርምር ነው፤ «ግንድ ሴል ገዳይ» እየተባለ ለሚቸበቸበው ዱቄት ሲባል ግን ኬሞቴራፒ አይቋረጥም።