ያለ ናፍጣ ውሃ ሽቅብ የሚያወጣው ፐዝል

ባሕር ዳር የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ጣና ዳር ሽንኩርት በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ፓምፓቸው ሲቆም ይደውሉልኛል። ውሃ ሽቅብ ለመውጣት ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚበላ አሳምሬ አውቃለሁ። የእህቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ይህን ፐዝል ያመጣችልኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይጠግኑልኝ» አለችኝ።

ተገጣጥሞ አንድ ሥዕል የሚሆን 1,000 የካርቶን ቁራጭ ነው። ሥዕሉ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ኤሸር በፈረንጆቹ 1961 የሠራው «ፏፏቴ» ነው። ውሃው ይወድቃል፣ የወፍጮውን መዘውር ያዞራል፣ በቦይ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፣ ይሄድና ተመልሶ ከፏፏቴው አናት ላይ ቁጭ! ናፍጣ የለ፣ መብራት የለ።

መጀመሪያ ክፉውን ልናገር። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቁራጮቹን በቀለም መለየት አይቻልም። ግድግዳው ብቻ አራት ምሽት በላን። መብራት ሲጠፋማ ግራጫን ከግራጫ በሻማ ለዩ እስቲ! ካርቶኑም ስስ ነው፤ የሐምሌ እርጥበት ሲነካው ጠርዙ አበጠ። አንዲት ቁራጭ ጠፍታ ከፍራሽ ሥር ተገኝታለች። እሱ እንኳ የእኛው ጥፋት ነው።

ግን ይህን ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከማየት መገጣጠሙ ይሻላል። ሐሳቤ ውሸቱ የት ጋ እንደሚጀምር መያዝ ነበር። እያንዳንዷን ቁራጭ ሳስገባ መረመርኳት። ምሰሶው ልክ ነው። ቦዩ ልክ ነው። ማዕዘኑንም እኔ ብሠራው እንዲሁ ነው የምሠራው። አንድም ቁራጭ አልዋሸችኝም። ሁሉም ሲገጥም ግን ውሃው ሽቅብ ወጥቷል። ቡናው እስኪቀዘቅዝ አፍጥጬ ቀረሁ።

ነገሩ የመጣው ከሒሳብ ሰዎች ነው። በፈረንጆቹ 1954 አምስተርዳም ላይ የሒሳብ ሊቃውንት ሲሰበሰቡ የኤሸር ሥዕሎች ለእይታ ቀርበው ነበር። ወጣቱ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው ሮጀር ፔንሮዝ አይቶ ተደመመ፤ በኋላም ወረቀት ላይ የሚቻል፣ በእንጨት ግን የማይሠራ ሦስት ማዕዘን ሣለ። በፈረንጆቹ 1958 ከአባቱ ጋር አሳተመው። ኤሸር ደግሞ ያንን አንብቦ ፏፏቴውን ሠራበት። ኤሸር ራሱ ግን ተማሪ ሳለ ሒሳብ አይሆንለትም ነበር።

እኛ ጢስ ዓባይ ላይ መብራት የሚያመነጨው ውሃ በቦይ ተጠልፎ ስለሚሄድ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል። እዚህ ግን ወፍጮውም ይዞራል፣ ፏፏቴውም አይጎድልም። ቀናሁበት። ከአምስት ኮከብ ለካርቶኑ አንድ ቀንሼ ለፐዝሉ አራት ሰጥቻለሁ።

ደግሞ ኤሸር ራሱ፣ ውሃው ስለሚተን ባለ ወፍጮው አልፎ አልፎ አንድ ባልዲ መጨመር አለበት ብሏል። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ሥዕሉ ጥግ ላይ ልብስ የምታሰጣውን ሴት በጣቷ ነካ አደረገቻት።

«ባልዲውን የምትሸከመው እሷ ነቻ» አለች።