ጎንደር ላይ የጡት ወተት የት ይታለባል?

ጎንደር ውስጥ ማጥባት አያስቸግርም። ታክሲ ውስጥም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ የምታጠባ እናት ሞልታለች። ማንም ዞር ብሎ አያያትም። በማሽን ማለብ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ይጮሃል፣ ጠርሙስ አለው፣ ሶኬት ይፈልጋል። ሕፃኑ አብሮ ስለሌለ ደግሞ ሰው የምትሠሪው አይገባውም።

እኔ ለጥምቀትና ለዘመድ ሰርግ ከአሜሪካ ስመጣ ልጄን አዘዞ እናቴ ጋ እየተውኩ ነው ከተማ የምውለው። ስለዚህ የተጠቀምኩበትን አገልግሎት ሁሉ በአንድ ነገር መዘንኩት፤ ጡቴ አግቶ ሲወጥረኝ የት እሄዳለሁ? ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። በሰዓቱ ካልታለበ ይቋጥራል፣ ያማል፣ ቁስለትና ትኩሳትም ሊያመጣ ይችላል። መዝለል ሲደጋገም ደግሞ ወተቱ ራሱ ይቀንሳል።

ሰርጉ የነበረበት ሆቴል አዳራሹ ያምራል፣ ምግቡም ጥሩ ነበር። እንግዳ መቀበያ ላይ የነበረው ልጅ ግን ወደ መጸዳጃ ቤት ጠቆመኝ። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ምግብ የሚያዘጋጅ የለም፤ ይሄ ደግሞ የሕፃን ምግብ ነው። እንዲህ ስለው ዝም አለ። የጽዳት ኃላፊዋ ሰምታ መጣች። «ነይ እህቴ፣ እንግዳ ያልገባበት ክፍል አለ» ብላ ከፈተችልኝ። በሩ ይቆለፋል፣ ወንበርና ሶኬት አለው። ንጹህ ፎጣም አመጣችልኝ። ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

ወተቱን ማስቀመጡ ትንሽ አስቸገረ። የወጥ ቤቱ ፍሪጅ በሰርጉ ሥጋ ጢም ብሏል። ወጥ ቤት ያለችው ሴት የለስላሳውን ፍሪጅ ከፍታ ላይኛውን መደርደሪያ ለቀቀችልኝ። ጠርሙሱ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈችና በእስክሪብቶ «የሕፃን፣ አይነካ» ብላ ጻፈች። ያቺን ሴት ቆሜ ነው ያመሰገንኳት። ሆቴሎች ሆይ፣ የምንለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው፤ የሚቆለፍ በር፣ ወንበር፣ ሶኬት። ሠራተኞቻችሁም ጥያቄውን ሲሰሙ እንዳይደነግጡ ንገሯቸው።

ከሁሉም የበለጠብኝ ግን ፒያሳ አካባቢ ያለ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ሹሩባ ልሠራ ገብቼ መሃል ላይ ጡቴ ወጠረኝ። ለሠሪዋ በጆሮዋ ነገርኳት። ወዲያው ከጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል መጋረጃ ገልጣ ወንበር አስገባችልኝ። ካስኩ እየጮኸ ስለነበር የማሽኑን ድምፅ ማንም አልሰማም። ስወጣ ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ጠርሙሱን አይተው «ልጄ፣ ሸፍኚው፤ ዓይን አለ» አሉና የራሳቸውን ነጠላ ጫፍ ጣል አደረጉበት። ደስ አለኝ። ፀጉር ቤት ወንድ አይበዛበትም፣ ሶኬት አያጣም፣ የምታስተናግድሽም ሴት ናት። ከተማ ውላ ለምታልብ እናት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ካፌዎቹም አያሳፍሩም። ማኪያቶ አዝዤ የፈላ ውሃ ስጠይቅ ከቡና ማሽኑ በብርጭቆ ይቀዱልኛል። የማለቢያ ማሽኑን ዕቃ በሳሙና አጥቤ በዚያ አለቀልቀዋለሁ። የቧንቧውን ውሃ ለዚህ አላምነውም።

ፋሲል ግቢ ውስጥ የተለየ ክፍል አላየሁም። ግቢው ግን ሰፊ ነው፣ ጥላም አለው። አስጎብኚያችን ሲገባው እንግዶቹን ይዞ ወደ ሌላኛው ቤተ መንግሥት ቀደመ። እኔ ጋቢዬን ደርቤ ግንቡ ሥር ተቀመጥኩና በእጅ አለብኩ። በእጅ ማለብን ከጤና ባለሙያ ተማሩ፤ መብራት አይፈልግም፣ አይጮህም።

መብራት ካልኩ አይቀር፣ እዚህ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የምትመጡ ቻርጀራችሁ ላይ «ከ100 እስከ 240» የሚል መጻፉን እዩ። ከሌለው እንዳትሰኩት። ሶኬቱ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ስለሆነ ማስተካከያም ያዙ። መብራት ስለሚሄድ ፓወር ባንክ የግድ ነው።

የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የጥር ቀትር ፀሐይ ግን ጎንደር ላይ ትከራለች፤ ደጅ ከዋላችሁ 4 ሰዓቱን አትመኑት። በረዶ ያለው ማቀዝቀዣ ቦርሳ እስከ 24 ሰዓት ያቆያል። እናቴ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልታ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ እያደረገች ትሰጠኝ ነበር፤ በቂ ነው።

ባጃጅ ኮንትራት ስትይዙ ሹፌሩን «ሕፃን ቤት አለ» በሉት። የእኔዎቹ ሁሉ አቋራጩን ፈልገው ነው ያደረሱኝ። ጥር 10 እና 11 ግን ይህ አይሠራም። ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱና ሲመለሱ መንገዱ በሰው ስለሚሞላ በእግር ካልሆነ መንቀሳቀስ አይቻልም። ለጥምቀት ሌሊት የምትወጡ፣ ከቤት ሳትወጡ አልቡ። ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባውን ባትሪ ያለው ማሽን በጋቢ ሥር አድርጉ፤ በዚያ ሁሉ እልልታ ድምፁ አይሰማም። ባሕረ ጥምቀቱ አጠገብ ዘመድ ያለው ቤቱን አስቀድሞ ይጠይቅ።