ስፖርት ሳይንስ በግል ኮሌጅ ልትማሩ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብሳሳት ይቅርታ። ትናንት ነው የሆነው።

የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ አይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ፎቅ ላይ አራት ክፍል የተከራየ፣ ከስሩ ካፌ ያለው፣ ደረጃው ላይ የነደራርቱና የነቀነኒሳ ፖስተር የተለጠፈበት፣ ገና ስትገቡ "ምዝገባ ሊዘጋ ሁለት ቀን ነው የቀረው" የሚሏችሁ። እኔ ክለብ ውስጥ ስሮጥ ሀምስትሪንጌን (የጭኔን የኋላ ጡንቻ) ተጎድቼ ካቆምኩ በኋላ ሀሳቤ ሁሉ አሰልጣኝ መሆን ነበር። መዝጋቢዋ "እነደራርቱን ያሰለጠነው የበቆጂው ኮች ስንታየሁ እኮ የስፖርት አስተማሪ ነበር፣ አንተም በዲግሪህ ቀጥታ ክለብ ትገባለህ" አለችኝ፣ አመንኳት። 4 ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ተማርኩ፣ በወር 1,900 ብር፣ ብሩን የምትልክልኝ ኩዌት ሰው ቤት የምትሰራው እህቴ ናት። ከ90 ሺህ በላይ ነው።

ሜዳ የላቸውም። ፕራክቲካል ጃን ሜዳ ነው፣ ትራንስፖርት በራሳችን፣ ኮንና ሰዓትም ራሳችን አዋጥተን ገዝተን። ቢፕ ቴስቱን (እየፈጠነ በሚሄድ የድምፅ ምልክት እየተመላለሱ የሚሮጡትን የብቃት ፈተና) በአንዱ ልጅ ስልክ ከፍተን ነው የሰራነው፣ ንፋስ ሲመጣ ድምፁ አይሰማም፣ ማን ስንተኛው ሌቭል ላይ እንዳቆመ በግምት ተመዘገበ። ይሄን ሁሉ የቻልኩት ትምህርቱን ስለምወደው ነው። የልምምድ ጫና በሳምንትና በወር እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ልጅ ለምን እንደ አዋቂ እንደማይሮጥ ስማር የኔ ጉዳት ከየት እንደመጣ ራሱ ገባኝ። ጠዋት ጠዋት የማሰራቸው 11 የሰፈር ልጆች አሉኝ፣ የተማርኩትን እነሱ ላይ ነበር የምሞክረው፣ ማንም እንዳይጎዳብኝ።

ትናንት የመውጫ ፈተና ስም ዝርዝር ወጣ ተባለና ሬጅስትራር ሄድኩ። ስፖርት ሳይንስ የሚል የለም። መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጅ ስጠይቃት ቀና እንኳን ሳትል "ስምህ አለ፣ ታች እይ" አለች። አየሁ። ስሜ ከነአባቴ ከነአያቴ በትክክል ተጽፏል፣ ከጎኑ ዲፓርትመንት የሚለው ጋ ማኔጅመንት። ተሳስታችኋል አልኳት። ማስቲካዋን እያኘከች "አልተሳሳትንም፣ ስፖርቶች በሙሉ በማኔጅመንት ነው የገባችሁት።" ዲኑ ጋ ገባሁ፣ ቁጭ በል እንኳን አላለኝም። "ዲግሪ ዲግሪ ነው፣ ሀንድአውት እንሰጥሃለን፣ ሶስት ሳምንት አጥናና 50 አምጣ፣ አለቀ። አሰልጣኝስ ቡድን ማኔጅ ያደርግ የለ?" ብሎ ሳቀብኝ። እስካሁን ሳቁ ይሰማኛል።

ስወጣ ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለውን የእውቅና ወረቀት ቆሜ አነበብኩት። ክፍያ ልከፍል ስሰለፍ ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ የነበረ ወረቀት ነው፣ ማህተሙን እያየሁ ህጋዊ ናቸው እል ነበር። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት። በቃ፣ ሌላ የለም። ከ40 ጊዜ በላይ እዛ ተሰልፌ አንድም ቀን ምን እንደሚል አላነበብኩም፣ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። አንዱን መምህራችንን ደውዬ ታውቅ ነበር ወይ ስለው "እኔ ፓርት ታይም ነኝ" ብሎ ዘጋው። ለእህቴ እስካሁን አልነገርኳትም። የምረቃህን ፎቶ ለማዳም አሳያታለሁ እያለች ነው የምትጠብቀው።

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም፣ ስለዚህ የተማራችሁበት ፊልድ እውቅና ከሌለው በስሙ አትፈተኑም፣ መጨረሻችሁ እንደኔ ነው። እውቅና አላችሁ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም አዎ ነው የሚሉት። እውቅና ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም፣ ለዚህ ዲፓርትመንት፣ ለዚህ ካምፓስ እየተባለ ነው፣ ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ሄዳችሁ አጣሩ። በዲግሪው የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ታገኛላችሁ የሚሏችሁም ውሸት ነው፣ ላይሰንስ ራሱን የቻለ ኮርስ አለው።

እኛ 17 ነን፣ ማመልከቻ ጽፈን ሰኞ ባለስልጣኑ ጋ እንገባለን። ከዛው ኮሌጅ በፊት የወጣችሁም ካላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ ደረሰኝ የጠፋባችሁ ከባንክ ስቴትመንት አውጡ።