ለባልቲሞሯ የፎቶግራፍ ጥገና ባለሙያ ምስጋና

በዋሽንግተንና አካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ያረጀ ፎቶግራፍ እጃችሁ ላይ ካለ ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ባልቲሞር ያሉትን ባለሙያ እንድታገኟቸው እጠቁማለሁ። ውለታቸው አለብኝና በአደባባይ ላመሰግናቸው ይገባል።

እኔ የምሰበስበው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ወገን የተዋጉ ስደተኛ መኮንኖችን ጉርድ ፎቶ ነው። ከሰሜኑ ወታደር ከአራት አንዱ ገደማ ውጭ አገር የተወለደ ነበር። ጀርመናዊው ፍራንዝ ሲግል፣ አየርላንዳዊው ማይክል ኮርኮራን፣ ቺካማውጋ በተባለው ውጊያ ላይ የወደቀው ኖርዌያዊ ሃንስ ሄግ በሰው አገር ጦር መርተዋል። አገሩን ለቆ የመጣ ሰው እነዚህን ፊቶች አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

አንዱን ፎቶ ሻጩ የሰጠኝ «ፖላንዳዊው ክሺዛኖቭስኪ ናቸው» ብሎ ነው፤ የ58ኛው የኒውዮርክ ሬጅመንት አዛዥ፣ አጽማቸው በ1937 እ.ኤ.አ. አርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ያረፈው። ጀርባው ላይ የአልበም ወረቀት ተጣብቆበት ነበር። ባለሙያዋ ወረቀቱን በስለት ንብርብር በንብርብር እየላጡ፣ የቀረውን ሙጫ በጥቂት እርጥበት እያለሰለሱ ሲያነሱት ከሥሩ የቀረጥ ቴምብር ወጣ። ፎቶ ቤቶች ይህን ቴምብር እንዲለጥፉ የተገደዱት ከሴፕቴምበር 1864 እስከ ኦገስት 1866 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፎቶው የታተመው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በማጉያ መነጽር ትከሻውን አሳዩኝ፤ በማዕረጉ ግራና ቀኝ ጫፍ ሁለት ሁለት ሰረዝ። ሻምበል ነው ማለት ነው። ክሺዛኖቭስኪ ደግሞ ከ1861 ጀምሮ ኮሎኔል ስለነበሩ ትከሻቸው ላይ የኮሎኔል ምልክት የሆነው ንስር መኖር ነበረበት። «ሌላ ሰው ነው» አሉኝ ቁርጡን። ደስ የሚለኝን ከመናገር እውነቱን መረጡልኝ።

ጉንጩ ላይ ያለውን ቡናማ ነጠብጣብ እንዲያጠፉልኝ ብለምናቸውም እምቢ አሉ። የዚያ ዘመን ፎቶ በእንቁላል ነጭ የተቀባ ስስ ወረቀት ላይ የታተመ ስለሆነ፣ ነጠብጣቡን የሚያነሳ ኬሚካል ፊቱንም ሊያደበዝዘው ይችላል። ቢያስከፍሉኝ እከፍል ነበር፤ እሳቸው ግን ለፎቶው አዘኑለት።

ዋጋቸውን ሥራ ሳይጀምሩ በጽሑፍ ይሰጣሉ። ቀጠሮ ግን ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት የአያት ፎቶ አልበም ላይ ከተጣበቀ ራሳችሁ አትገንጥሉት፣ ከነአልበሙ ውሰዱላቸው። ስልካቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ።